መስኮቱ ላይ የሚቆሙት ሽማግሌ

አስጎብኚያችን ማይክራፎኑን ከፍታ ከመናገሯ በፊት ሁለት ጊዜ እፍ ትልበት ነበር። ይኸው ስንት ዓመት አልፎም ነፋስ በመስኮት ስንጥቅ ሲያፏጭ ያ «እፍ፣ እፍ» ጆሮዬ ላይ ይመጣል፤ አብሮትም የናፍጣው ሽታ፣ በዝናብ የራሰው ወንበር ሽታ።

በዚያች ብርዳም የሰሜን ዋና ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ለእንግዳ የምናቀርበው ጉብኝት ሦስት ዓይነት ነው። ጊዜ ያጠረው በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ከተማዋን ይዞራል። ውሃ የማይፈራ በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ይሻገራል። ቀኑን ሙሉ የሚዘልቅ ትዕግሥት ያለው ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ሐይቆቹንና የፈረሰውን ቤተ መንግሥት አይቶ ይመለሳል። እውነቱን ከተናገርን ጀልባው ይሻላል። ሰው ግን አውቶቡሱን ይመርጥ ነበር፤ አውቶቡሱ ላይ አስጎብኚዋ ምላሰ ማር ነበረቻ!

ስሙን ያወጣላት ሾፌሩ ነው። «ይቺ ልጅ የቆሻሻ ገንዳ ብታሳይ ሰው ፎቶ ያነሳል» ይል ነበር። የምትናገረው ፊቷን ወደ ተሳፋሪው አዙራ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ነው። የት እንደደረሰች የሚነግሯት ፍሬኑና መታጠፊያው ነበሩ። ፎቅ ላይ ለተቀመጡት ድምፅዋ እንጂ መልኳ አይታያቸውም፤ እሷም አታያቸውም።

ከዙሩ መጨረሻ ገደማ ምንም የሚጎበኝ ነገር የሌለበት ረጅም መንገድ አለ። ግራና ቀኙ የሠራተኛ መኖሪያ ሕንፃ ነው። ከዚያ ባንዱ፣ አንድ ፎቅ ደረጃ ብቻ በሚያስወጣ ቤት፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው አባቷ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አውቶቡሱ ሲያልፍ ሽማግሌው መስኮት ላይ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ እሷም ዞር ብላ ታወዛውዛለች። አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ «ማናቸው?» ብላ ጠየቀቻት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

«ጡረታ የወጡ መርከበኛ ናቸው» አለች። «አንዲት ልጃቸው ጥላቸው ሄዳ ቀረች። ካንዱ አውቶቡስ ላይ ትኖር ይሆናል ብለው፣ ለሁሉም እንዲህ እጃቸውን እንዳወዛወዙ አሉ።»

ተሳፋሪዎቹ ሲወርዱ እጇን ጨብጠው የተሰናበቷት ብዙ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ወሬው የዙሩ ጌጥ ሆኖ ቀረ። «መርከበኛውን የምናየው በየትኛው ነው?» እያለ ትኬት የሚጠይቀኝ ሰው በዛ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ሽማግሌው ራሳቸው መጡ፤ ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው።

«ልጄ የምታስጎበኘው በየትኛው ነው?»

ክው አልኩ። «አባባ፣ ዛሬ እንኳ ጀልባው ይሻልዎታል። አየሩም ደህና ነው።»

«ጀልባውን ዓሣ ይጎብኘው! አገር ሁሉ ልጄን ሰምቶ እኔ አባቷ ልቅር? ብቻ እንዳትነግራት፤ ላስደንቃት ነው።»

ፎቁ ላይ ወጡ። ምን ማድረግ እችል ነበር?

የሆነውን ኋላ ሾፌሩ ነገረኝ። ምላሰ ማር እንደ ልማዷ የመርከበኛውን ወሬ አውርታ፣ ከዚያ ሕንፃ ፊት ሲደርሱ ሰዉ ካሜራውን አነሳ፤ መስኮቱ ግን ባዶ ነበር። እሷም ዞር ብላ አየችው። ወዲያው ልማድ አሸነፋትና «ዛሬ የሉም። ልጃቸውን መጠበቅ ሰልችቷቸው ይሆናል» አለች።

አውቶቡሱ ሲመለስ ቀድመው ወደ ክፍሌ የገቡት አባቷ ናቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማሞቂያው አጠገብ ቁጭ አሉ። ጥቂት ቆይቶ እሷ እየሮጠች ገባችና ስልኬ ላይ ተጠመጠመች።

«ቤት ልደውል! አባዬ መስኮቱ ላይ የለም፣ ምን ሆኖ…»

«ፎቁ ላይ ነበርኩ» አሉ ከኋላዋ።

የስልኩን እጀታ እንደያዘች ዞረች።

«አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ አለቀሰች» አሉ። «መሐረቤን ሰጠኋት። ለእኔው እያለቀሰች ‹አይ የዘመኑ ልጅ!› ብትለኝ ምን ልበላት? ‹አይ የዘመኑ ልጅ› አልኳት።»

«አባዬ፣ ወሬ እኮ ነው… ለማሳመር ያህል…»

«አምሯል፤ ማን አላማረም አለሽ? ግን መርከበኛ ምን ይሉታል? እኔን ውሃ ላይ ያስመልሰኛል። የቧንቧ ሠራተኛ ብትዪ ምን ነበረበት?»

በሩ ላይ የቆመው ሾፌር ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው በሳል ሸፈነው።

«ሌላውስ?» አለች።

ሽማግሌው የባርኔጣቸውን ጠርዝ በጣታቸው አዞሩት። «ሌላውማ… አብረን እራት የበላነው መቼ ነበር? አስታውሺኝ እስቲ፤ እኔ እያረጀሁ ነው፣ እረሳለሁ።»

አላስታወሰችም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። በየቀኑ በደጃቸው ታልፋለች፤ ያንን ደረጃ ከወጣችው ግን ክረምትና በጋ ተፈራርቋል።

ውጭ የቀጣዩ ዙር ተሳፋሪዎች ተሰልፈው ነበር። ሾፌሩ አይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ሰዓት ደርሷል» አለ።

«እንግዲያው ታክሲ ልያዝ» አሉ አባቷ፣ ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን እየደፉ። «በአቋራጭ ከሄደ ከእናንተ ቀድሜ እገባለሁ። መስኮቱን ባዶ ሲያገኙት ሰዎቹ ቅር አላቸው፤ አይቼአለሁ። ሥራሽን እንዳላበላሽብሽ።»

ፊታቸውን አየሁ፤ ሽሙጥ የለበትም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የሚባለውን ያን ቀን በልጅቷ ፊት ላይ አየሁት። ምላሰ ማር እጀታውን ስልኩ ላይ ሳታስተካክል ጣለችው። ማይክራፎኑን አንስታ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ እንደማታውቀው ሰው ባባቷ ፊት አቀርቅራ አለፈችና ደህና ዋል እንኳ ሳትል ወጣች።