ድንጋይ የሚልሰው እንግዳ

በየማለዳው ወደ ኢንደስ ወንዝ ዳር ይወርዳል፤ ድንጋይ በመዶሻ ይሰብርና ስባሪውን በምላሱ አርሶ በማጉያ መስታወት ያያል። ሰው ሲቀርበው የያዘውን ካርታ ያጥፋል። ስሙን ለማንም አልተናገረም። ሸርባዝ የወርቅ አሸዋውን እያጠበ በጎን ያየዋል።

«ወርቁን ትተው ድንጋይ ይልሳሉ እንዴ፣ ሳሂብ?»

«ይህ የባሕር ወለል ነበር። ሁለት ምድሮች ተጋጭተው ሲሰነጠቅ፣ ፍል ውሃ ወርቁን በስንጥቁ ይዞት ወጣ።»

«ታዲያ ዓሣው የት ገባ?»

እንግዳው አልሳቀም። ከሸርባዝ ማጠቢያ ራስጌ ሦስት ድንጋይ ደራርቦ ሄደ። በዚህ ወንዝ ዳር ድንጋይ የደረደረ ሰው ቦታው የእኔ ነው ማለቱ ነው፤ የሸርባዝ አባትም ቦታውን የያዙት እንዲሁ ነበር። ሸርባዝ ደግሞ ሌላ ቦታ የለውም። እንግዳው እስኪርቅ ጠበቀና ሦስቱንም ወንዝ ውስጥ ወረወራቸው።

በማግስቱ እንግዳው እዚያው ላይ አራት ደረደረ።