የእማማ ወለተሐና እልልታ

እዚህ ከተማ ሰልፍ የሚያሰናዱ ሰዎች በመጀመሪያ የሚያፈላልጉት ሦስት ነገር ነው፤ ድምፅ ማጉያ፣ ባነርና አሮጊት። ድምፅ ማጉያው ይከራያል፣ ባነሩ ይታተማል፣ አሮጊቶቹ ከእኛ ከተፈናቃዮቹ መጠለያ ይወሰዳሉ። ፊት መደዳ ይደረድሯቸዋል። ነጠላ የለበሰች እናት ካሜራ ላይ ታምራለች፣ ጥያቄም አትጠይቅም ብለው ነው።

እማማ ወለተሐና ከፊት መደዳ ጠፍተው አያውቁም። ጎረቤቴ ናቸው፤ እኔንና እሳቸውን የሚለየን አንድ ሸራ ነው። ወለጋ ሳለን አርባ ዓመት በቆሎ ያበቀሉ፣ ስድስት ልጅ የወለዱ ሴት ነበሩ። ሰርግ በእሳቸው እልልታ ካልተከፈተ ሰርግ አይመስልም ነበር። ይህን የሰሙ ሰልፍ አሰናጆች ደብረ ብርሃን ከገባን ጀምሮ አላሳረፏቸውም። ለችግኝ ተከላ እልል፣ ለሰላም ኮንፈረንስ እልል፣ ለምኑም ለምኑም እልል። በየሰልፉ የሚታደላቸውን ቲሸርት አጣጥፈው ትራስ አድርገውታል። «መፈክራቸው ለጆሮ አይመችም፤ ለራስጌ ግን ደህና ነው» ይሉኛል።

አምና አንድ ኃላፊ ሰብስቦን ወደ ቀያችን ብንመለስ ምን ያህል እንደምንደሰት ሲያስረዳን ዋለ። ከእማማ ልጆች ሁሉ አጠገባቸው የቀረው ታደለ እጁን አወጣና «ቤታችንን ያቃጠሉት ሰዎች ታስረዋል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። በማግስቱ ታደለ ታሰረ። ስላቃጠሉት ሰዎች እስከ ዛሬ የነገረን የለም።

እማማ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከታሰረበት ደጃፍ አልጠፉም። በአራተኛው ሳምንት የሰልፍ አስተባባሪው ተስፋሚካኤል መጣ። ያገኛትን አሮጊት ሁሉ «እናቴ» እያለ የሚያቅፍ፣ የገዛ እናቱን ግን በዓመት አንዴ የማይጠይቅ ሰው ነው።

«እናቴ፣ ቅዳሜ ትልቅ ሰልፍ አለ። ‹እናቶች ለመመለስ ተስማምተዋል› ሲባል እርስዎ እልል ብለው ያስጀምሩ። ማታውኑ ታደለን ቤትዎ ያገኙታል።»

ሲሄድ እኔ፣ አስራ ስምንት ዓመት ሥነ ዜጋ ያስተማርኩት መምህር፣ «ይበሉና ይገላገሉ፤ እልልታ ምን አለበት?» አልኳቸው።

«እልልታዬ ልጄን ያስፈታል» አሉኝ። «አንተንና አራት መቶ አባወራ ደግሞ መኪና ላይ ይጭናል። ስታስተምር የኖርከው ይኼን ነው?»

ተነስቼ ወደ ድንኳኔ ገባሁ።

ቅዳሜ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኃላፊው በዚያ ጉም ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ መድረክ ላይ ወጣ። ካነበበው ውስጥ ግማሹን ራሱም የገባው አልመሰለኝም። በመጨረሻ «እናቶቻችን ወደ ቀያቸው ለመመለስ በደስታ ተስማምተዋል» አለና እልልታውን ለመቀበል ቆም አለ።

አሮጊቶቹ ወደ እማማ ወለተሐና ዞሩ። እማማ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ሸፈኑ። አጠገባቸው ያሉት እንደ እሳቸው አደረጉ፣ ከዚያ መደዳው በሙሉ። ተስፋሚካኤል ማይክሮፎን ይዞ እየሮጠ መጣና አፋቸው ሥር ደቀነው።

«እናቴ፣ እልል ይበሉ እንጂ።»

«የምን እልልታ? ማን ተዳረ? ማን ወለደ?» አሉ እማማ። ሜዳው ሙሉ ሰማው።

እኔ የት ነበርኩ? ከኋላ፣ ከወንዶቹ ጋር። ኃላፊው ንግግሩን ሲጨርስ አጨበጨብኩ። እጄ ለምዶ ነው ብዬ ራሴን ለማታለል ሞክሬያለሁ፤ ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ከመጠለያው ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተሰብስበን ዜና አየን። አሮጊቶቻችን አፋቸውን እንደሸፈኑ ቁጭ ብለዋል፣ እልልታው ግን ይቀልጣል። ከየትኛው ሰርግ እንደቀዱት እግዜር ይወቀው። እማማ ጆሯቸውን አቅንተው አዳመጡና «ይቺ አታውቅበትም፣ ትንፋሿ አጭር ነው» አሉ።

ሰኞ መኪኖቹ መጡ። አሮጊቶቹ ከየድንኳናቸው ንቅንቅ አላሉም፤ እናቱን ጥሎ የሚሳፈርም አልተገኘም። መኪኖቹ ባዷቸውን ተመለሱ። ታደለ ግን ቅዳሜ ማታ አልመጣም፣ በሚቀጥለውም ወር አልመጣም። እማማ በየጠዋቱ ምግብ ቋጥረው ወደዚያ ደጃፍ ተመላለሱ። ስለዚያ ቅዳሜ አንድም ቀን ሲጸጸቱ አልሰማሁም። ሲያለቅሱ ግን በሸራው በኩል ሰምቻለሁ።

በአስራ አንደኛው ሳምንት አንድ ባጃጅ ድንኳናቸው በር ላይ ቆመ። ታደለ ወረደ፤ ከስቷል፣ አንድ የፊት ጥርሱ የለም። ከኋላው ተስፋሚካኤል ወረደ፣ ከእሱ ኋላ ደግሞ ካሜራ የተሸከመ ሰው። ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

«በሉ እናቴ፣ ልጅዎን አመጣንልዎ። አሁንስ እልል አይሉም?»

እማማ የልጃቸውን ፊት በመዳፋቸው ዳሰሱ። ጥርሱ የጎደለበት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይኼን ልጅ የወለድኩት እኔ ነኝ» አሉ ዞር ሳይሉ። «ያኔ ሰባት ጊዜ እልል ተብሎለታል፤ ይበቃዋል።»

ልጃቸውን ይዘው ገቡና ሸራውን ካሜራው ላይ ዘጉት።