ውኃ የጠጣ ፎም

ከዓረብ አገር ስመለስ ይዤ የመጣሁት ትልቁ ዕቃ ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ አልነበረም። ቆመው የሚነዱት፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ፣ ከፊቱ ረጅም የመሪ ክንድ የወጣለት አሮጌ ጄት ስኪ ነበር። እዚያ የመዝናኛ ጀልባዎች የሚጠገኑበት ግቢ ውስጥ ነበር የምሠራው። ባለቤቱ ሊጥለው አጥር ሥር አስቀምጦት አየሁና "ልውሰደው?" አልኩት። "ውሰደው፤ ቦታ ይለቅልኛል" አለኝ። ዕቃ የሚያስጭን አንድ ወዳጄ በፍራሽና በጎማ መሀል ወትፎ አዲስ አበባ አደረሰልኝ። ከዚያ በአይሱዙ ተጭኖ አርባ ምንጭ ገባ።

በታችኛው የከተማው ክፍል፣ ሲቀላ፣ በተከራየነው ግቢ በር ላይ ቆማ ሲወርድ ያየችው ሚስቴ ናት። የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነች፤ ስትቀልድ ፊቷ አይለወጥም።

"ምንድን ነው?" አለችኝ።

"የውኃ ሞተር ሳይክል በይው።"

"መቀመጫውስ?"

"የለውም። ቆመው ነው የሚነዱት።"

ዞር ዞር ብላ አየችው። "እንግዲያው ላንተ የተሠራ ነው" ብላ ገባች።

እውነቷን ነው። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኝ ነበር። ምሳ ጀምሬ እነሳለሁ። ጉዳይ ሳይኖረኝ ከሲቀላ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ድረስ ዳገቱን በእግሬ እወጣና በባጃጅ እመለሳለሁ። እሑድ ከእሷ ጋር ቸርች ስሄድ ስብከቱ ሳያልቅ ውጪ ነኝ፤ ዛፍ ሥር ከቆሙት ባጃጅ ነጂዎች ጋር ስለ ሞተር አወራለሁ። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ጓደኛዬ ከዚያው እየደወለ "ቦታህ እስካሁን ክፍት ነው፤ አለቃው ይጠይቅሃል" ይለኛል። እኔ እሺም እምቢም አልልም። ስልኬ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ሚስቴ ሁሉንም ትሰማለች።

ጄት ስኪውን ለመሞከር የመረጥነው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ጫኖን ነው። አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ እዚያ በመስኖ ሙዝና ማንጎ ያለማሉ፤ ከማሳቸው ጫፍ ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርድ የእግር መንገድ አለ። ሙዝ በሚጭን መኪና ወስደን፣ ለአራት ተሸክመን አወረድነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ዓረብ አገር ሁለት ሆነን እናነሳ እንደነበር ትዝ አለኝ። አቅም አንሶን መሰለኝና አለፍኩት።

ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ደስታዬ ግን አልቆየም። ቤንዚን ብሰጠው፣ ብሰጠው፣ ኋላው አልነሣ አለ። ሞተሩ ያጓራል፤ እሱ እንደ ጉማሬ ገላውን ውኃ ውስጥ ዘርግቶ አፍንጫውን ብቻ ያወጣል። ደረቴ ድረስ ረጥቤ ወጣሁ። መረብ የሚያጥቡት ዓሣ አስጋሪዎች ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። አማቴ ግን ከልባቸው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ይኼ ነገር ሥራው መንሳፈፍ ነው ወይስ መስመጥ?"

"መንሳፈፍ ነው አባባ። ታሞ ነው።"

በሽታው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጄት ስኪ ሆዱ ውስጥ ፎም ይሞላበታል። ውኃ እንኳ ቢገባበት ፎሙ እንዳይሰምጥ ይይዘዋል። ዕድሜ ሲጫነው ግን በስንጥቁ የገባውን እርጥበት ፎሙ ራሱ ይጠጣዋል። ከጠጣ በኋላ ሊያንሳፍፈው የተቀመጠው ነገር መልሶ ያሰምጠዋል።

ግቢያችን ያለው ማንጎ ሥር በሁለት ግንድ ላይ አጋደምኩትና ሰው የሚቆምበትን ወለል በመጋዝ ቆረጥኩት። ወለሉ ሲነሳ የወጣው ሽታ ጎረቤት ደረሰ። ፎሙ ቢጫነቱ ጠፍቶ ቡናማ ሆኗል፤ በእጅ ሲጨመቅ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ውኃ ያወርዳል። በመሮ፣ በቢላዋ፣ በመጨረሻም በጣቴ እየቧጨርኩ አወጣሁት። ሚስቴ ከሥራ ስትመለስ ከአንዱ ቁራጭ የወረደውን ውኃ ነክታ ቀመሰችው።

"ጨው ነው" አለች።

"የዚያ ባሕር ነው።"

"ይኼን ሁሉ አገር ተሸክመኸው መጣህ?" ብላ እጇን ልትታጠብ ሄደች።

እኔ ስቧጭር መዋል ለመድኩ። ሥራው ሰውነቴን ያደክማል፤ ሐሳቤን ግን አያደክመውም። አንዱን ጥግ ሳልጨርስ ወደ ሌላው እዘላለሁ። ባዶው አካል ፀሐይ ላይ ከርሞ ሲደርቅ ብቻዬን ጫፉን አነሳሁትና ደነገጥኩ፤ በጣም ቀልሎ ነበር። እሽቅድምድም የሚወዳደሩ ሰዎች ለፍጥነት ብለው ፎሙን አውጥተው ባዶውን እንደሚነዱት አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ልተወው ፈለግሁ።

"ሆዱ ውኃ ቢሞላስ?" አለች ሚስቴ።

"ይሰምጣል።"

"አንተስ?"

"እዋኛለሁ።"

"አዞውስ?"

አባያ አዞ እንዳለው ለእኔም ለእሷም አዲስ ነገር አይደለም።

ፎም ፍለጋ ጀመርኩ። ትክክለኛው፣ ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል የሚያብጠው ዓይነት፣ አዲስ አበባም ተጠይቆ ጠፋ። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም ከየሱቁ ለምኜ ሰበሰብኩና ልኩን ቆርጬ ሬዚን በሚባለው፣ ሲደርቅ በሚጠነክረው ፈሳሽ ላጣብቀው ሞከርኩ። ሬዚኑ ሲነካው ፎሙ ድስት ላይ እንደወደቀ ቅቤ ቀለጠ። ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ በጥድፊያ ዘነጋሁት። ብሩሹን አጥር ላይ ወረወርኩና ወጣሁ። ሴቻ ደርሼ፣ ደን የሸፈነውን ሜዳ፣ አባያንና ጎረቤቱን ሐይቅ ከላይ አይቼ፣ ምንም ሳይወጣልኝ ተመለስኩ።

ስመለስ ሚስቴ በረንዳው ላይ ከአንድ ትልቅ ማዳበሪያ ጋር ተቀምጣለች። ማዳበሪያው በባዶ የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቷል።

"ዛሬ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ነበር" አለች። "ነገም አለ።"

"ምን አልሽ ስትለቅሚ?"

"'ባልሽ ውኃ ሊሸጥ ነው?' አሉኝ። 'ውኃ ላይ ሊቆም ነው' አልኳቸው። አማኝ ስለሆኑ ዝም አሉ።"

ከመጣሁ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

ክዳናቸውን አጥብቀን እየዘጋን ሆዱን መሙላት ጀመርን። በማግሥቱ ጠዋት ስናያቸው ግን ብዙዎቹ ጭርምት ብለዋል። የዘጋናቸው በከሰዓቱ ሙቀት ነበር፤ ሌሊቱ ሲበርድ ውስጣቸው ያለው አየር ተሰበሰበ። ሁሉንም አወጣን። ከዚያ ወዲህ ክዳን የምንዘጋው ፀሐይ ሳይወጣ፣ እሷ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ሆነ። አንድ በአንድ ጆሮዋ አጠገብ ጨመቅ እያደረገች የሚተነፍስ ካለ ታዳምጣለች፤ የምታምነውን ታቀብለኛለች፤ እኔ እደረድራለሁ። ክፍተቱን ሬዚን ባልነካው ነጭ ፎም ወታተፍነው።

ከእነዚያ ጠዋቶች በአንዱ ስልኩ ጮኸ። ጓደኛዬ ነው። "ቪዛው በዚህ ሳምንት ካልተጠየቀ ቦታው ለሌላ ሊሰጥ ነው። ምን ልበላቸው?" አለ።

"እደውልልሃለሁ" ብዬ ዘጋሁ።

ሚስቴ ክዳን ማጥበቋን አላቆመችም። "ንገረው" አለች።

"ምን ልበለው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ሰውየው ግን ቦታ ይዞልህ ቆሟል።"

ወለሉን መልሼ ገጥሜ፣ በፋይበር ጨርቅና በሬዚን ደፍኜ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ቅዳሜ ጠዋት ጫኖ ወረድን። አባያ ጠዋት ጠዋት ዝም ያለ ነው፤ ቀይ አፈር የተበጠበጠበት ሰፊ ትሪ ይመስላል። አማቴ ማሳቸው ውስጥ ቀሩ፤ ሚስቴ ቢጫ ጃንጥላዋን ዘርግታ ዳር ቆመች።

በዚህኛው ጊዜ ተነሣ። ቤንዚን ስሰጠው አፍንጫው ቀና ብሎ ወዲያው ወረደና ውኃውን እንደ አስፋልት ያዘው። ቆሜ ነዳሁ። ጉልበቴ ያውቀዋል፤ ክንዴ ያውቀዋል። ወደ ዳር ስዞር ቢጫው ጃንጥላ ይታየኛል፤ መልሼ ወደ ውስጥ እመታለሁ። አንድ ዙር ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ ከፊቴ ያለውን ውኃ ነበር የምፈልገው፤ ስደርስበት ደግሞ የሚቀጥለውን። ዓሣ አስጋሪዎቹን አልፌ፣ ሰው የማይታይበት ድረስ ገባሁ።

ነፋሱ የተነሣው ያኔ ነው። አባያ አንዴ ከተቆጣ ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ነው። ሁለተኛው ላይ ወደቅሁ። የእጄ አንጓ ላይ የታሰረው ገመድ ተነቅሎ ሞተሩን አጠፋው፤ ሥራውም ነጂ ሲወድቅ ማጥፋት ነው። ዋኝቼ ያዝኩት። የሞተሩ ክዳን ማሰሪያ ላልቶ ውስጡ ውኃ ገብቷል። ቁልፉን ደጋግሜ ተጫንኩ፤ አልነሣም አለ። ቀስ በቀስ እየወረደ ሄደና አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጀርባው ከውኃው በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀረ። ከወለሉ በታች ጠርሙሶቹ ማዕበሉ በመታቸው ቁጥር ቋ፣ ቋ ሲሉ ይሰማኛል።

ደረቴን ጫንኩበት፤ እግሬ ግን ውኃ ውስጥ ነው። ሰው ፍርሃት ልቡ ላይ ነው የሚሰማው ይላሉ፤ እኔ የተሰማኝ ተረከዜ ላይ ነው። ዘልዬ ወደ ዳር ልዋኝ አሰብኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልንቀሳቀስ ብቆይ እንደሚሻለኝ ባውቅም፣ መቆየት ከመዋኘት ይልቅ ከበደኝ። እጄ ሁለት ጊዜ ለቀቀው፤ ሁለቴም ተመልሼ ያዝኩት።

ነፋሱ ወደ ዳር እየገፋኝ ነበር፤ ግን በጎን ነው። ጃንጥላው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እኔ ስሄድ ይሄዳል። ሙዝ ውስጥ ይጠፋና ይወጣል፤ የመስኖ ቦይ ጋ ይቆምና ይሻገራል። ረጅም ፊላ የበቀለበት ጋ ሲደርስ ጠፋ። ብጠብቅ አልወጣም። ያን ጊዜ ጮህኩ፤ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም።

ከፊላው ጀርባ የወጣው ጀልባ ነበር። ሚስቴ አባቷን ጠርታ፣ እሳቸው ሁለት አስጋሪዎች ይዘው መጥተዋል። አማቴ ከፊት ተንበርክከው "ልጄ፣ እግርህን ሰብስብ! እንዳትወርድ!" ይላሉ። ብብቴን ይዘው ጎትተው ጀልባው ላይ አወጡኝ።

ዳር ስንደርስ ሚስቴ ጫማዋን በእጇ ይዛ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ቆማለች። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችኝም። ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ስልኬን አውጥታ ሰጠችኝ።

"ደውልለት" አለች።

"ምን ብዬ?"

"የፈለግኸውን። ብትሄድም እዚሁ ነኝ። ዳር ዳሩን መከተል ግን ደክሞኛል።"

አማቴ ሰምተው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ውኃ ከጸጉሬ እየተንጠባጠበ ደወልኩና "ቦታውን ለሌላ ይስጡት" አልኩ። ጓደኛዬ "እንኳን ቁርጡን ነገርከኝ" አለ።

እንዲህ ካልኩ በኋላ ሰላም ወረደብኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልወረደም። ሳምንቱን ሙሉ ስልኩን እያነሳሁ ስመልስ ከረምኩ። የተረፈኝን ሬዚን ይዤ የአንድ ጎረቤት ባጃጅ የተሰነጠቀ ግንባር ጠገንኩ፤ ከዚያ አንድ የውኃ ታንከር፤ ከዚያ የአስጋሪዎቹን ጀልባ። ሰው ሰውን እየነገረ አሁን ሲቀላ መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች ሥራ ቤት አለችኝ። አስጋሪዎቹ በገመድ ጎትተው ያወጡልኝን ጄት ስኪ ጀልባቸው ላይ ሰው ለሚያንሸራሽሩ ሰዎች ሰጠሁት፤ ሞተሩን አውርደው ምን እንዳደረጉት አልጠየቅሁም።

ባለፈው ሰሞን ተራራ ላይ ወዳለችው ካምባ የአንድ ትምህርት ቤት ታንከር ልጠግን ሄድኩ። የሬዚኑን ባልዲ በእግሮቼ መሀል ይዤ በመኪና ተራራውን ወጣሁ። ሥራው በጊዜ አለቀ። መናኸሪያው ጋ ሆኜ፣ መንገዱ ከካምባ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ አንዱን ሹፌር ጠየቅሁት። ሲነግረኝ ልቤ ተነሣ። ስልኬ ጠራ፤ ሚስቴ ናት።

"ጨረስህ?"

"ጨርሻለሁ።"

"ታዲያ የት ነህ?"

"መናኸሪያ ነኝ" አልኳት። "ወደ አርባ ምንጭ የሚሞላውን እየጠበቅሁ።"

መኪናው እስኪሞላ ቁጭ ማለት አቃተኝና ዙሪያውን ስዞር ቆየሁ። ሲሞላ ተሳፈርኩ።