የጎደለው ቱንቢ

ባንታየሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ናይሮቢ ውስጥ አውሮፕላን ሲጠግን ኖረ። ጡረታ በወጣ በወሩ ከከተማው ወጣ ብሎ ሊሙሩ በሚባል ቦታ፣ ከሻይ ማሳ ዳር፣ አንድ አሮጌ የድንጋይ የእርሻ ቤት በሊዝ ያዘ። ግድግዳው ጥይት አይበሳውም፤ ጣሪያው ግን ሰማይ ያሳያል። ሚስቱ ፍቅርተ አንዴ ዞር ዞር ብላ አየችና ፈረደች።

«የመጋቢት ዝናብ ሳይጥል ካልተከደነ እኔ ከፓርክላንድሱ ቤታችን ንቅንቅ አልልም። ከእንቁራሪቶቹ ጋር ትኖራለህ!»

ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ አንድ ብቻ ሆነ፤ ዝናቡን መቅደም። አሮጌውን ቤት አድሶ፣ ከጎኑ አንድ መኝታ ክፍል ሊቀጥል ግንበኞች ቀጠረ። አለቃቸው ንጆሮጌ እጁም ምላሱም የተሳለ ነው። በመጀመሪያው ቀን ባንታየሁ የመሣሪያዎቹን ሁሉ ቅርጽ የሣለበት ሰሌዳ በሩ ላይ ሰቀለ። ማታ ማታ እያንዳንዱ መሣሪያ በሥዕሉ ላይ ይንጠለጠላል፤ አንድ ከጎደለ እስኪገኝ ሥራ ይቆማል። አውሮፕላን ጥገና ቤት የለመደው እንደዚያ ነው።

«ምዜ፣ ይኼ ቤት ሊበር ነው እንዴ?» አለ ንጆሮጌ፤ «ምዜ» በስዋሂሊ ሽማግሌው ማለቱ ነው። ግንበኞቹ በሳቅ ፈረሱ።

«አይበርም። ሰው ግን ይተኛበታል።»

ጣሪያው ሐሙስ ሊወጣ፣ ረቡዕ ማታ የግንብ ማቅኛው ቱንቢ ከሰሌዳው ጠፋ።

«ይፈለግ» አለ ባንታየሁ።

«ገመድ ላይ ለታሰረች ብረት?» አለ ንጆሮጌ። «ነገ ሌላ እገዛልሃለሁ! ደመናውን አታይም?»

ደመናውንማ አይቶታል። የፍቅርተም ድምፅ ከጆሮው አልጠፋም። ሆዱ «ተወው» ቢለውም የሃያ ስድስት ዓመት ልማድ እሺ አላለም።

ሐሙስ ጠዋት አሸዋው ተገለበጠ፣ የሲሚንቶው ከረጢት ተራገፈ፣ የንጆሮጌ ምሳ ዕቃ ሳይቀር ተፈተሸ። በመጨረሻ ንጆሮጌ «ለመሆኑ መጨረሻ ላይ የያዘው ማነው?» ሲል የባንታየሁ ፊት ቀላ። ለካ ራሱ ነው! መሰላል ላይ ሆኖ የግንቡን ማዕዘን ሲለካ ፍቅርተ ስለ ዝናቡ ልትጠይቀው ደወለች፤ ስልኩን ሊያነሳ ቱንቢውን ጣሪያውን ከሚሸከመው አሮጌ ወራጅ ጫፍና ከግንቡ መሀል ሸጎጠው።

መሰላሉን ወጥቶ እጁን ሰደደ። ቱንቢው ተገኘ፤ ከቱንቢው ጋር ግን አንድ እፍኝ የእንጨት ዱቄት ወጣ። ወራጁን በጣቱ ቢጫነው ጣቱ ጥልቅ አለ። ምስጥ ውስጡን ጨርሶ ቀለሙን ብቻ ትቶለታል። አዲሱ ጣሪያ ሊያርፍ የነበረው እዚያ ላይ ነው።

ንጆሮጌ ባርኔጣውን አወለቀ። «ምዜ፣ ራስህ ረስተህ የኔን ምሳ አስፈተሽህ?»

«አዎ።»

«ጥፋተኛው አንተ ነህ።»

«ነኝ።»

«እንግዲያው እንደዚህ ያለውን ጥፋት ያብዛልህ!»

ወራጁን መቀየር ሁለት ቀን በላ። ቅዳሜ ከሰዓት የአሮጌው ቤት ጣሪያ የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲመታ ዝናቡ ወረደ፤ አዲሱ ክፍል አፉን ለሰማይ ከፍቶ ቀረ። ፍቅርተ ከታክሲ የወረደችው ያኔ ነው። ባንታየሁ ያልተከደነውን ክፍል በጣቱ አሳያት እንጂ ሊዋሻት አልሞከረም፤ ቱንቢውን የረሳው ራሱ መሆኑንም ነገራት። እሷ ግቢው ውስጥ የተጣለውን ወራጅ በጃንጥላዋ ጫፍ ወጋ አደረገችው። ጃንጥላው ሰመጠ።

ነቅላ አወጣችውና ወደ ቤቱ ዞረች። «ግማሹ ተከድኗል አይደል? በል ሻንጣዬን አስገባ።»

ራት ተበልቶ ዕቃ ስታጥብ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ባንቴ፣ አንድ ሹካ ጎድሏል።»

«ጠዋት ይገኛል።»

«ጠዋት? ይፈለግ!»

ተንበርክኮ ከጠረጴዛው ሥር ሲዳብስ ቆየና ቀና ቢል፣ ሹካው ከሹራቧ ኪስ ብቅ ብሏል፤ እሷም ሳቋን አፍና ታየዋለች።