ከሣጥን ያልወጣው ስልክ

ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ሳይበቅልበት፣ ጤፍና ሽምብራ ይበቅልበት በነበረ ጊዜ፣ ሰው ሲሞት አገሩ የሚሰማው በጋሽ በዳሳ ጥሩምባ ነበር። ጎህ ሲቀድ ጥሩምባዋ ትጮሃለች፤ ሁሉም አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ያቆማል፤ በዳሳም የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። የተከበረ ሥራ ነው። ችግሩ፣ በዳሳን መንገድ ላይ ያየ ሁሉ ከሰላምታ በፊት "ደግሞ ማን ሞተ?" ማለቱ ነው። ኋላ ላይ ሳይጠየቁ "የሞተ የለም፤ እንደምን አደራችሁ" ማለት ለመዱ። ባለቤታቸው ሸዋዬም "አንተማ የራስህን በር ስታንኳኳ እንኳ ያስደነግጣል" እያሉ ይስቁባቸዋል።

ከዚያ ልማት መጣ። እርሻው ተለካ፣ ተከለለ፤ "መሬት የመንግሥት ነው፤ እርስዎ ባለይዞታ ነዎት" ተባሉ። በዳሳ ከአባታቸው የወረሱት እንዴት የሌላ ሰው ሆኖ እንደቆየ አልገባቸውም፤ ግን ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብለው ዝም አሉ። ግቢያቸውና ጥሩምባቸው ብቻ ቀሩላቸው።

ፎቆቹ ሰው ሲሞሉ አዲሶቹ ነዋሪዎች ዕድሩ ውስጥ ገቡ። ጥሩምባዋ ግን አልተስማማቻቸውም። ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ትበርህ "ልጆቼን በንጋት እያስበረገገችብኝ ነው" ብላ ስብሰባ ላይ ተናገረች። የዕድሩ ሰብሳቢ ረታም ወሰነ፦

"ጋሽ በዳሳ፣ ከእንግዲህ ጥሪ በስልክ ነው። ስልክ ካለዎት ሥራው የእርስዎ ነው፤ ከሌለዎት ለወጣቶቹ እንሰጠዋለን።"

በዳሳ በሆዳቸው ሳቁ። ስልክማ አላቸው! ልጃቸው ሰኚ ከዱባይ ስትመጣ ያመጣችላቸው፣ መስታወቱ እንደ ውኃ የሚያበራ ስልክ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በዳሳ አዲስ ነገር ተቀብለው ወዲያው የሚጠቀሙ ሰው አይደሉም። አዲስ ጫማ ጥምቀትን ይጠብቃል፣ አዲስ ጋቢ ሠርግን ይጠብቃል፤ ስልኩም ላስቲኩ ሳይቀደድ የክብር ቀኑን ሲጠብቅ ነበር። ቀኑ ይኸው ደረሰ። አወጡት፣ ሲም ካርድ አስገቡበት። በራ፤ መደወል ግን አሻፈረኝ አለ።

ወሎ ሰፈር ስልክ ወደምትጠግነው ወደ ዘውዲ ይዘውት ሄዱ። ዘውዲ ነካካችውና አንገቷን ነቀነቀች።

"አባባ፣ ስልኩ ደህና ነው። ያልተመዘገበ ስልክ አይሠራም የሚል ደንብ ወጥቷል። ደንቡ ሲወጣ ሰው ሲገለገልባቸው የነበሩት በራሳቸው ተመዘገቡ፤ ከውጭ የመጣን አሁን ለማስመዝገብ ግን የቀረጥ ወረቀት ይጠየቃል። ይሄ እስከ ዛሬ የት ነበር?"

"ሣጥን ውስጥ። በክብር!"

ዘውዲ መሳቅም ማዘንም አማራት። የሰፈሩ ስልክ ሁሉ፣ የተሰነጠቀው፣ በላስቲክ የታሰረው ሳይቀር ሲታወቅ፣ በክብር የተቀመጠው ብቻ ባይተዋር ሆነ። ጉድ እኮ ነው!

"የሞተ ስልክ መለያ ቁጥር የሚያለብሱልዎት አሉ" አለች ድምጿን ቀንሳ። "እኔ አልሠራውም እንጂ።"

"የሞተ ስልክ ስም ለብሼ የሰው ሞት ልለፍፍ? በፍጹም!"

"እንግዲያው ትንሽ ባለባትሪ ስልክ ይግዙ፤ ርካሽ ነው።"

የበዳሳ ፊት ጠቆረ። "ልጄ፣ መሬቴን ያንተ አይደለም ሲሉኝ ዝም አልኩ። ይሄን ልጄ ለፍታ ገዝታ ሰጠችኝ። የራሴን ነገር ሁለተኛ አልገዛም።"

ስልኩን ወደ ሣጥኑ መለሱት። ሸዋዬ "ግትር!" አሏቸው፤ እውነትም ግትር ናቸው። ሥራው ለወጣቶቹ ተሰጠ። በዳሳ ጥሩምባዋን ግድግዳ ላይ ሰቀሏት፤ ንጋት ላይ ግን ከእንቅልፋቸው መንቃቱን መተው አልቻሉም። ከፋቸው፤ በጣም ከፋቸው።

አንድ ቀን እንዲሁ ነቅተው ሳለ ከፎቁ ላይ ጩኸት ሰሙ። የትበርህ ባል ገብረትንሣኤ አርፏል። ወጣቶቹ መልእክቱን ወዲያው ልከዋል፤ ሐሰት አይወራባቸውም። ነገር ግን በዚያ ሰዓት የማን ስልክ ድምፁ ይከፈታል? በዳሳ ደረጃው ሥር ቆመው ጠበቁ። የሚወጣ ሰው የለም። ጥሩምባዋን ሊያመጡ አሰቡና የትበርህ ልጆች ትዝ አሏቸው። ጋቢያቸውን አጥብቀው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ፣ በር ለበር እያንኳኩ ወጡ። "ገብረትንሣኤ አርፏል። ትበርህ ብቻዋን ናት።" የበዳሳን ስም እንኳ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ነጠላውን እየደረበ ወጣ፤ ፀሐይ ሳትሞቅ ቤቱ በሰው ሞላ።

ከአርባው በኋላ በነበረው ስብሰባ ትበርህ ጥቁር እንደለበሰች ተነሣች።

"ያን ቀን ስልኬን የት እንደጣልኩት አላውቅም። የጎረቤቶቼን በር ያንኳኩልኝ እኒህ አባት ናቸው። ከሥራቸው ያስነሣኋቸው እኔ ነበርኩ፤ አሁን እኔው ይመለሱ እላለሁ።"

ረታ ጉሮሮውን ጠረገ። "መልእክቱን ወጣቶቹ ይላኩ፤ በሩን ጋሽ በዳሳ ያንኳኩ" አለ፤ ሁሉም አጨበጨበ። በዳሳ መሬት መሬት እያዩ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

በተከታዩ ዓመት ያ የስልክ ምዝገባ ደንብ ተነሣ። ዘውዲ ለሰፈሩ ሰው ነግራ ወሬው ደረሳቸውና ሸዋዬ ስልኩን ከሣጥን አወጡት። የኔትወርኩ ምልክት አንድ በአንድ ብቅ አለ።

"በል፣ ንብረትህ ነው፤ ለማን ትደውላለህ?" አሉ ሸዋዬ።

በዳሳ ከዕድሩ መዝገብ ያስጻፉትን አንድ ቁጥር በጣታቸው ቀስ ብለው ነኩ። ጠራ። "በዳሳ ነኝ" አሉ። ወዲያ ማዶ የትበርህ ድምፅ በድንጋጤ "አባቴ? ምነው፣ ማን...?" አለ።

"የሞተ የለም፣ ልጄ" አሉ በዳሳ። "እንደምን አደርሽ ልልሽ ነው።"