የማለዳው ቅጂ

ክሊኒኩ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አታስቡ» ነው የሚሉት። ኮምፒውተር ቢደርቅ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ሰርቨሩ ቢንቀራፈፍ መልሱ አንድ ነው፦ «አታስቡ! የዳታቤዙ ሙሉ ቅጂ በየማለዳው ይወሰዳል።» የላብራቶሪ ሰዎች ውጤት ወረቀት ላይ መጻፍ የተዉት እንኳ እሱ «ወረቀት ደግሞ ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ ስለሳቀባቸው ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ!

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የካርድ ክፍሏ ልጅ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ የአንድ ታካሚ ካርድ ከኮምፒውተሩ ላይ በስህተት አጠፋሁ። ሥራ አስኪያጇ ሳትሰማ መልስልኝ፤ በሞቴ!»

«ለዚህ ነው እንዴ የምታለቅሺው? አታስቢ።»

አላት እንጂ ሆዱ ያውቀዋል። ያ ቅጂ አንድን ሰው ብቻ ነጥሎ አያመጣም። ሲጫን ዳታቤዙን እንዳለ ማለዳ ወደነበረበት ይመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ሁሉ ይደመስሳል። ስለዚህ ደንቡ መጀመሪያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መጫን፣ የጠፋውንም ከዚያ ማውጣት ነው። ያኛው ማሽን በቂ ቦታ ያለው፣ ፕሮግራሙም ቅጂው ከተወሰደበት ያላረጀ መሆን አለበት። ክሊኒኩ ለዚሁ ብሎ አንድ ተጠባባቂ ማሽን ገዝቶ ነበር።

ነበር! አሁን የት አለ ብትሉ፣ አታስቡ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ሴት ልጁ ካርቱን ታይበታለች። «ለጥቂት ቀን» ብሎ በፎጣ ጠቅልሎ ወሰደው፤ ልጅቷ ስትፍለቀለቅ አይቶ መመለስ አቃተው። መደርደሪያው ላይ የቀረው አንድ አሮጌ ማሽን ነው። ሞከረው፤ ፕሮግራሙ ያረጀ ነውና ቅጂውን አላነብም አለ።

ምናለ እዚህ ላይ ላብራቶሪ ደውሎ «ዛሬ ያስገባችሁት ነገር አለ?» ቢል! ግን ከጠየቀ «ለምን?» ይሉታል፤ ቀጥለውም «ተጠባባቂውስ?» ይሉታል። ከመጫኑ በፊት የዛሬውን ገልብጦ እንዳያስቀምጥ ሰርቨሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። «እነሱ ውጤት የሚያስገቡት ከምሳ በኋላ ነው» ብሎ ራሱን አታለለና ቅጂውን እዚያው በሚሠራው ሰርቨር ላይ ጫነው። ካርዱ ተመለሰ። የካርድ ክፍሏ ልጅ እጁን ልትስም ምንም አልቀራት።

ጉዱ የፈላው ትንሽ ቆይቶ ነው። ላብራቶሪዎች ያን ቀን ማልደው ገብተው የጠዋቱን ውጤት በሙሉ አስገብተው ነበር፤ ናሙናውንም ጥለውታል። ሁሉም ድራሹ ጠፋ። በባዶ ሆዳቸው ደም ሰጥተው ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቁ ሕመምተኞች እንደገና ሊወጉ ነው።

ሥራ አስኪያጇ ካርድ መጥፋቱን ሰምታ ኖሮ የካርድ ክፍሏን ልጅ እዚያው ሰው ፊት ያዘቻት።

«አንቺ ነሽ የነካካሽው! ዕቃሽን ሰብስቢና ውጪልኝ!»

ልጅቷ አልተከራከረችም። ምስኪን፣ እውነትም እሷ ያጠፋችው መስሏታል። አታስቡ ክው ብሎ ቆመ። ዝም ቢል ያልፍለት ነበር። ለአፍታም ዝም አለ፤ ያቺ አፍታ ናት እስከ ዛሬ የምታቃጥለው።

«እሷ አይደለችም» አለ በመጨረሻ። «ቅጂውን በሚሠራው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ።»

«ተጠባባቂ ማሽን ገዝተን የለ እንዴ?»

«ቤቴ ነው።»

«ቤትህ ምን ይሠራል?»

«ልጄ... ካርቱን ታይበታለች።»

ኮሪደሩ ላይ የሚስቅ እንኳ ጠፋ፤ ቢስቁበት በስንት ጣዕሙ! ሥራ አስኪያጇ ልጅቷን «ግቢ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለቻት፤ እሱን ግን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና ፊቷን አዙራ ሄደች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

አግዳሚው ላይ አንዲት አሮጊት እናት ተቀምጠዋል። ጠዋት ደም ሥራቸው አልገኝ ብሎ ደጋግመው ወግተዋቸው ክንዳቸው በልዟል። አሁን ይረግሙኛል ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። እሳቸው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ፣

«ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?» አሉት።

«ሰባት።»

«እግዜር ያሳድግልህ። በል ና እጄን ያዘኝ፤ እኔ መርፌ እፈራለሁ።»

ተከትሏቸው ገባ፤ እጃቸውን ያዘ። ነርሷ ደም ሥሩን ፍለጋ መርፌውን በገፋች ቁጥር እናትየው ጣቶቹን ጭምቅ ያደርጋሉ። «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ» ይላሉ ዓይናቸውን ጨፍነው። የሚያጽናኑት እሱን ነው።