የአስካለ ጥለት

ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬንም፣ እናቴ ላይ መጮኼንም ተናግሬያለሁ። ይህችን ግን ባጎነበስኩ ቁጥር እየዘለልኳት እዚህ ደርሻለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም። እናንተ ስሙኝና ፍረዱ።

አዲስ አበባ ዲዛይን እማር ነበር። ኢንተርኔት ገና ብርቅ ነው፤ የሚገኘውም በጥቂት ጽሕፈት ቤቶች ብቻ ነው። ትምህርት ቤታችን አገር ሳንለቅ በኮምፒውተር እየተያየን እንድንሠራ እያንዳንዳችንን ከውጭ አገር ተማሪ ጋር አጣመረን። የኔዋ ሊና የምትባል የፊንላንድ ልጅ ነበረች። ሥራችን የሱፍ ጨርቅ ሆነ፤ ንድፉን የማወጣው እኔ። የመንዝ ልጅ አይደለሁ? ሱፍ ሲባል ደረቴን ነፋሁ። ብሞክር ብሞክር ግን አልመጣልኝም፤ የዓመቱ ውጤቴ ደግሞ የሚወሰነው በዚሁ ሥራ ነው።

ለእረፍት መንዝ ወደ ቀያችን ስገባ ጎረቤታችን ሸማኔው ጋሽ ደምሴ ቤት አንድ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ተዘርግቶ አየሁ። በነጩ ሱፍ መሐል ጥቁር ደረጃ እየሠራ የሚወርድ ጥለት አለው። በሌላ ሰው እጅ አይቼው አላውቅም። ወረቀት ላይ ገለበጥኩትና «የኔ ንድፍ» ብዬ ለሊና ላክሁላት። እኔ ነኝ የላክሁት። ወደደችው። ለጋሽ ደምሴ «ጥለትዎን ወደውታል» አልኳቸው፤ ደስ ብሏቸው ናሙናውን ሠሩልን።

ሊና ሸማኔውን ማየት አማራት። በገበያ ቀን ከተማ ውስጥ ኢንተርኔት ወዳለበት ጽሕፈት ቤት ወሰድኳቸው። አዲስ ጋቢ ለብሰው መጡ፤ የሊና ፊት ኮምፒውተሩ ላይ ብቅ ሲል ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

«እነሱም አገር ብርድ አለ?» አሉኝ።

ከኛ ይብሳል አልኳቸው።

«ወይ ምስኪኖች! ታዲያ ያለ ባና እንዴት ያድራሉ?»

ሳቅን። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ይሄን ጥለት ያወጣችው አስካለ ናት በያት። ሟቿ ባለቤቴ። ፈትላ፣ ሱፉን መርጣ፣ እንዲህ አርገህ ሥራው ያለችኝ እሷ ናት። ልጅ አልወለድንም፣ ስሟን የሚያስጠራ የለም። እዚያ እንኳ ይጠራ።»

አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ለሊና ያልኳት፣ «በኔ ንድፍ መሥራታቸው አስደስቷቸዋል» ነው። ሊና ፈገግ ብላ አመሰገነች።

«ሰማች? ምን አለች?» አሉኝ።

«አስካለን ነፍሷን ይማር አለች» አልኩ።

ማን አስገደደኝ? ማንም። እውነቱን ብናገር ምን ይቀርብኝ ነበር? አንድ ውጤት። እኔ ያን ውጤት ከአንዲት ሙት ስም አስበለጥኩ። እሳቸው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው መረቁኝ፦ «ስሟን እንዳስጠራሽላት ስምሽን ያስጠራው።»

ስሜም ተጠራ። ሥራው እነሊና አገር ኤግዚቢሽን ላይ ሲቀርብ ከሥሩ የተጻፈው የኔና የሊና ስም ነው።

ጋሽ ደምሴ ግን የአስካለ ስም ባሕር ማዶ ተጠራ እያሉ ለሰው ሁሉ ሲያወሩ ኖረው ሞቱ። ለቅሶ ስደርስ ሴቶቹ «የአስካለን ስም ባሕር ማዶ ያሻገረችው መጣች» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ያኔ እንኳ አፌን መክፈት አያቅተኝም ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰው ለሳቸው መሰለው።

ልጅነቴ ነው አልልም፤ የምሠራውን አውቅ ነበር። ይቅር በሉኝ የምላቸው ሁለቱም አፈር ውስጥ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ለሊና ጻፍኩላት። የጻፍኩት ያን ቀን ልተረጉምላት ይገባኝ የነበረውን ነው፦ ይሄን ጥለት ያወጣችው አስካለ ናት።